ለወንድሜ፣ ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር ላልከኝ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

   

ኪነ ሕንፃ መማር እንደምትፈልግ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ለባልደረቦቼ ሁሉ አነበብኩላቸው። ከቤታችን ሁለተኛ አርክቴክት ሊወጣ ነው ብዬ ኮርቻለሁ። «እትዬ፣ ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?» ላልከኝ ወዲያው ያልመለስኩልህ አስቤበት ልመልስልህ ፈልጌ ነው። ለጀማሪ ይሆናሉ የሚባሉ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ ግን የተጻፉት በረዶ ለሚጥልበት አገር፣ ብረትና መስታወት እንደ ልብ ለሚገኝበት ከተማ ተማሪ ነው። ስለዚህ መደርደሪያዬ ፊት ቆሜ እያንዳንዱን መጽሐፍ ሳነሳ አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ እንደ አንተ ቆላ ጀውሃ ያለ ልጅ ይህን ቢያነብ ተነሥቶ ወጥቶ አንድ ነገር ይለካል ወይ? አይለካም ያልኩበትን ወደ ቦታው መለስኩት። የተረፉትን በካርቶን አሽጌ በደሴ አውቶቡስ ልልክልህ ነው። የታተሙበትን ዘመንም ሌላውንም ዓመት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩህ በቀር፣ መጻሕፍቱ ላይ እንዳለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ።

ካርቶኑን ስትከፍት ከላይ የምታገኘው መጽሐፍ አይደለም፤ አናጢዎች የሚይዙት ባለ 5 ሜትር መለኪያ፣ ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ነው። የመጀመሪያው ንባብህ ደግሞ እዚያው ቤት አለልህ፤ የእማማ መጽሐፍ ቅዱስ። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 6ን አውጣና ሰሎሞን ያሠራውን ቤተ መቅደስ በግንበኛ ዓይን አንብበው። ርዝመቱ 60 ክንድ፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 30 ነው። አንዱን ክንድ 45 ሴንቲሜትር ያህል አድርገህ ብትይዘው ርዝመቱ 27 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር፣ ቁመቱ 13 ሜትር ተኩል ይመጣል። እያንዳንዱን ሜትር በአንድ ሴንቲሜትር ስትስለው ወለሉ በሙሉ አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል። ሥለህ ስትጨርስ ጓደኞችህን ይዘህ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ካስማ ትከሉና በሲባጎ ዘርጉት። ዓለም ሁሉ የሚያወራለት ቤት ይህን ያህል ጠባብ መሆኑ ይገርምሃል። ለምን ጠበበ ብለህ ጠይቅ። ጣሪያው በዝግባ እንጨት የተከደነ ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ እንጨት ደግሞ ርዝመቱ ወሰን አለው። እኔ የቤቱን ወርድ የወሰነው ዛፉ ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን የእኛን ቤት ወርድ ለካና አባባን ያኔ የገዙት አጠና ስንት ሜትር እንደነበር ጠይቃቸው።

ከካርቶኑ ውስጥ መጀመሪያ የምታነበው የዴንማርኩን አርክቴክት የስቴን አይለር ራስሙሰንን «ኤክስፒሪየንሲንግ አርክቴክቸር» ነው። በእንግሊዝኛ የወጣው በ1959 ነው፤ ቋንቋው አይከብድህም። መግቢያው አካባቢ የማልረሳው ነገር አለ። ራስሙሰን ሮም ውስጥ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ከምትባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከሰፊው ደረጃ አናት ላይ፣ ኳስ ከግድግዳው ጋር እያላተሙ የሚጫወቱ ልጆች ያያል። ጎብኚው መጥቶ አይቶ ይሄዳል። ልጆቹ ግን የግድግዳውን ጥንካሬና መታጠፊያ በኳሳቸው ያውቁታል። እናንተም ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋር እንዲሁ ስትጫወቱ ነው ያደጋችሁት፤ ስለዚህ ይህን ትምህርት ባዶ እጅህን አትጀምረውም። መጽሐፉ ስለ ስፋትና ጥበት፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ገጽ ሸካራነትና ልስላሴ፣ በመጨረሻም ስለ ድምፅ ያወራል። የድምፁን ምዕራፍ ስትጨርስ ቅዳሴ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ ስማ፤ በማግስቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የክፍል ቤት ውስጥ ቆመህ ተናገር። ሁለቱ ድምፆች ለምን እንደተለያዩ የራስህን ምክንያት ጻፍልኝ።

ከእሱ ቀጥሎ የፍራንሲስ ቺንግን መጽሐፍ ውሰድ፤ «ፎርም፣ ስፔስ ኤንድ ኦርደር» ይባላል፣ በ1979 ነው የወጣው። ይህን አታነበውም፤ ትገለብጠዋለህ። ሥዕሉም ጽሑፉም በእጅ የተሠራ ነው። በቀን አንድ ገጽ ይበቃል። ከመሬት ዝቅ ስላለ ወለል የሚያወራበት ቦታ ስትደርስ የእኛ ላሊበላ ተሥሎ ታገኛለህ፤ ከዓለም ሕንፃዎች መካከል ተቀምጦ ሳየው ደስ ይለኛል። እዚያ ላይ ቆም በል። ብዙው ሕንፃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ሲሠራ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተፈልፍላ ነው የወጣችው። ፈልፋዩ ትርፍ አለት ካነሣ መልሶ መለጠፍ አይችልም፤ ስለዚህ መስኮቱም፣ ዓምዱም፣ ጣሪያው ላይ የምታየው መስቀልም መጀመሪያ በአሳቡ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ መሆን አለበት። ከመሥራት በፊት ማሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለጀማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ቤት እንዴት እንደሚቆም ደግሞ ከማሪዮ ሳልቫዶሪ ተማር፤ መጽሐፉ በ1980 የወጣው «ኋይ ቢልዲንግስ ስታንድ አፕ» ነው። ሰውዬው ሮም የተወለደ መሐንዲስ ነው፤ ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ካስተማረ በኋላ በእርጅናው ወደ ሃርለም ትምህርት ቤቶች ወርዶ ለትንንሽ ልጆች ድልድይና ግንብ ለምን እንደማይወድቁ ያስረዳ ነበር። አጻጻፉም እንደዚያው ነው፤ ሒሳቡን ትቶ ነገሩን ያሳይሃል። እሱን ካነበብክ በኋላ ደጋ ስትወጣ የአያታችንን ክብ ቤት ከውስጥ ወደ ላይ እየው። የጣሪያው ክብደት ወደ ታች ብቻ የሚወርድ አይደለም፤ ወራጆቹ እግራቸው ወደ ውጭ ሊንሸራተት ይፈልጋል፣ ግድግዳውንም ይገፋል። ያንን ግፊት የሚይዘው ዙሪያውን የተጠመጠመው ማገር ነው። ቋሚው ሲጫን ማገሩ ይወጠራል። መሐንዲሶች የትልልቅ ጉልላቶችን ወገብ በብረት የሚያስሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አያታችን ቤት ውስጥ ያለውን እውቀት ሮም ድረስ ሳትሄድ ታየዋለህ ማለት ነው።

አሁን የቆላውን ሙቀት ላንሣ፤ ለጀውሃ ልጅ ዋናው ትምህርት ይኸ ነው። ሐሰን ፋቲ የሚባል ግብፃዊ አርክቴክት ነበር። ሉክሶር አጠገብ በጥንት መቃብሮች ላይ ሰፍረው ለሚኖሩ የጉርና ሰዎች ከ1945 ጀምሮ አዲስ መንደር በጭቃ ጡብ ሠራላቸው። ያለ እንጨት ድጋፍ የጡብ ጣሪያ የሚያቆሙ የኑቢያ ግንበኞችን ከአስዋን አካባቢ አመጣ። ወፍራሙ የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ጉልላቱ ትኩሱን አየር ከሰው ራስ በላይ ይይዘዋል፤ ግቢው የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር ያጠራቅማል። መንደሩ ያምር ነበር፤ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ግን ሊገቡበት አልፈለጉም። ፋቲ ይህን ሁሉ፣ ያልተሳካለትን ሳይቀር፣ በ1973 በቺካጎ በታተመው «አርክቴክቸር ፎር ዘ ፑር» ላይ ተርኮታል። ከምልክልህ መጻሕፍት ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ለድሃ ቤት መሥራት የርካሽ ሥራ እንዳልሆነ፣ ነዋሪውን ሳይጠይቁ የተሠራ ቤትም ምን ያህል ቢያምር ባዶ ሊቀር እንደሚችል እዚያ ውስጥ ታያለህ። በ1986 የወጣ ሌላ መጽሐፍም አለው፤ ነፋስ ስለሚጠልፉ ማማዎችና ስለ እንጨት ወንፊት መስኮቶች የሚያወራ። እሱን በሚቀጥለው እልክልሃለሁ።

ፋቲን ስታነብ ግቢያችን ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከልና እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ በየሳምንቱ ምልክት አድርግ። ጀውሃ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን በረንዳ ወይም ረዘም ያለ የጣሪያ ጠርዝ ይሸፍነዋል። ክፉው የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመታዋለች፣ በረንዳም አያድነውም። እማማ ከሰዓት በኋላ ቡናውን የሚያፈሉት የት ነው? ከቤቱ በየትኛው ጎን? እዚያ ለምን እንደሚቀመጡ ጠይቃቸውና በንድፍህ ላይ ጻፈው።

ስለ ቆርቆሮ ደግሞ የፍራንሲስ ኬሬን ሥራ እይ። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል ትንሽ መንደር የተወለደ ነው። በርሊን ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ፤ በ2001 ተጠናቀቀ፤ በ2022 ደግሞ በሙያችን ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆኖ ተቀበለ። ጋንዶ ላይ ያደረገው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ከክፍሉ በላይ ቀዳዳ ያለው የሸክላ ኮርኒስ አደረገ፤ ቆርቆሮውን ደግሞ ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ በቀጫጭን ብረት ላይ አንሳፈፈው። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው በመሐል ያለው አየር ሞቆ ይወጣል፣ የክፍሉንም ትኩስ አየር በቀዳዳዎቹ ስቦ ይወስዳል። ኤሌክትሪክ አልፈለገም። የሕንፃውን ፎቶና ቁርጥ ንድፍ አትሜ ከደብዳቤው ጋር አያይዤልሃለሁ፤ ቁርጥ ንድፉን ጊዜ ወስደህ ግልባጩን ሥራ።

ይህን አጥብቄ የምልህ ምክንያት ታውቀዋለህ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ ስትነድ የሆነውን አይተሃል። ቤቱ ነዶበት መልሶ የሚሠራ ሰው እጁ የገባውን አጠና አቁሞ እጁ የገባውን ቆርቆሮ ይመታል፤ ክረምት ሳይገባ ልጆቹን ማስገባት አለበትና ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ግን ያው ሰው፣ ያው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው አንድ ክንድ ከፍ ቢልና ጫፉ ላይ አየር ማስወጫ ቢተውለት፣ ሕፃናቱ ቀን የሚተኙበት ቤት ይኖረዋል። ይህን የሚነግረው ባለሙያ አጠገቡ ያለመኖሩ ያንገበግበኛል። አንተ ያ ባለሙያ እንድትሆን ነው የምመኘው።

የአገራችንን ታሪክ በተመለከተ ሦስት ነገር እልሃለሁ። የዴቪድ ፊሊፕሰን «ኤንሸንት ቸርችስ ኦቭ ኢትዮጵያ» በ2009 የወጣ ነው፤ ከአክሱም እስከ ላሊበላ ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳይሃል። በተለይ የእንጨቱን ነገር ተከታተል። ደብረ ዳሞ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ድንጋይና እንጨት ተደራርቦ ነው የተሠራው፤ ግድግዳውን አቋርጠው የሚያልፉት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል፣ የዝንጀሮ ራስ የሚሉት። የአክሱም ሐውልት ጠራቢዎች ያንን ራስ በድንጋይ ቀረጹት፤ የላሊበላ ፈልፋዮች ደግሞ ቤተ አማኑኤል ላይ የእንጨቱን ሥራ መስመር በመስመር አለት ላይ አወጡት። እንጨት ሥራውን ከጨረሰ ከብዙ ዘመን በኋላም መልኩ ግድግዳው ላይ ኖረ። ሁለተኛው፣ በ1906 አክሱም የደረሰው የጀርመን ቡድን በ1913 በርሊን ያሳተመው አራት ቅጽ ነው። ጀርመንኛ ማንበብ አያስፈልግህም፤ ክሬንከርና ፎን ሊዩፕከ የሚባሉት አርክቴክቶች የሠሯቸውን የሕንፃ ንድፎች ብቻ እይ። ፍርስራሽ እንዴት እንደሚለካና እንደሚሣል ከእነሱ የበለጠ ያስተማረኝ የለም። ሦስተኛው፣ ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር በ2007 ያወጡት፣ ከ1886 እስከ 1941 ስለተሠራችው አዲስ አበባ የሚናገረው መጽሐፍ ነው። ሰገነታቸው በእንጨት ፈርጥ የተዋበውን እነዚያን ቤቶች ዛሬ ሄደህ ለማየት ብታስብ ብዙዎቹን አታገኛቸውም፤ ስለዚህ መጽሐፉን በጥንቃቄ ያዘው፣ ለሰውም አታውሰው።

በሦስቱም ውስጥ ግን የእኛን ቆላ፣ ይፋትን፣ አታገኛትም። ደጋውና ሰሜኑ፣ ከዚያም አዲስ አበባ። ቆላው የለም። ይህ ቆላ ሕንፃ ስላልነበረው አይደለም። ከ1285 ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት ምድር ነው፤ እናንተ ከምትኖሩበት ብዙም ሳይርቅ፣ በተራራው ግርጌና ወገብ ላይ፣ የድንጋይ ከተሞች ነበሩ። ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና በርትራን ሂርሽ የሚባሉ ፈረንሳዮች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር አስባሪን፣ መሳልንና ኖራን አጥንተው በ2006 «አናል ዴትዮፒ» በተባለው መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ነው፤ ካርታውንና ንድፉን አትሜ ልኬልሃለሁ። የመስጊድ ፍርስራሾችን እይ፤ የግድግዳውን አሠራር እይ። ያንን ድንጋይ የደረደሩት ሰዎች ሙያ ዛሬም በአርጎባዎች ዘንድ አለ። በከሚሴ በኩል ሾንኬ ስትወጣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ የሆነ፣ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቶች ኮረብታው ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ድንጋይ ተራራው ላይ አለ፤ ለእርሻ የሚሆነው ሜዳ አይነካም፤ ወፍራሙ ግድግዳ ደግሞ ሙቀቱን ያዘገያል። ፋቲ በመጽሐፍ የሚያስተምርህን ሾንኬ ላይ በእጅህ ትዳስሰዋለህ። ጓደኛህ እዚያ ዘመድ አለኝ ብሎህ አልነበር? ለምኖ ይውሰድህ፤ ስትደርስ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አስፈቅድ፣ ከዚያ ለካ።

ለገበያ የሚወርዱትን አፋሮችም ቤታቸውን ጠይቃቸው። ከታጠፈ ቀጭን እንጨትና ከሰሌን የሚሠራው ቤታቸው ፈርሶ በግመል ይጫናል፤ ሠሪዎቹ ሴቶቹ ናቸው። ላቤል ፕሩሲን በ1995 ስለ አፍሪካ ዘላኖች ኪነ ሕንፃ ትልቅ መጽሐፍ ጽፋለች፣ ስለ እነዚህ ሴት ግንበኞች ሙያ። መጽሐፉ እኔ ጋ የለም፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈልገው። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ሴት ሆኜ ስሠራ የሚያበረታኝ መጽሐፍ ነው።

ሰዎች የሌላ ብዙ መጽሐፍ ስም ይነግሩሃል። ሮማዊው ቪትሩቪየስ አሥር መጻሕፍት ጽፏል፤ ሕንፃ ጽኑ፣ ጠቃሚና ውብ ይሁን ማለቱ ለአሁኑ ይበቃሃል። የለ ኮርቡዚዬን የ1923 መጽሐፍም አሁን አትንካው፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ በእሱ ፍቅር ወድቆ የራሱን ሰፈር ማየት ሲያቆም አይቻለሁ። ሦስተኛ ዓመት ስትደርስ አብረን እናነበዋለን። በአማርኛ ስለ ሙያው መስማት ከፈለግህ አርክቴክት ማህደር ገብረመድኅን «ከቤት እስከ ከተማ» የሚል የሬዲዮ ዝግጅት ነበረው፤ ቅጂውን ካገኘህ ከአባባ ጋር ሆናችሁ አድምጡት፣ እሳቸውም የሚሉት አያጡም።

ካርቶኑ ሐሙስ ጠዋት ይነሣል፤ ረዳቱ ጀውሃ ሲደርስ በአባባ ስልክ ይደውላል፣ አስፋልቱ ዳር ቆመህ ጠብቀው። ራስሙሰንን ሳትጨርስ ፋቲን አትጀምር። ያልገባህን ገጽ ምልክት አድርግበትና ቅዳሜ ማታ ደውልልኝ። ለጥምቀት ስመጣ የእኛን ቤትና የአንድ ጎረቤታችንን ቤት ንድፍ አሳየኝ፤ ጓዳውን፣ መደቡን፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት ሁሉንም አስገባ። የግድግዳውን ውፍረትም ለክተህ በሁለት መስመር ሣለው፤ ጀማሪ ሁሉ በአንድ መስመር ይሥለውና ኋላ ክፍሎቹ አልገጥም ይሉታል።

እማማንና አባባን ሳምልኝ።

የምትወድህ እህትህ
አዲስ አበባ